ወረፋው ቢቀር አደራው አይቅር

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በየወሩ የእያንዳንዳችንን ደጃፍ ስለሚያንኳኳ አንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የመብራት፣ የውሃና የስልክ ሒሳብ አከፋፈል ነው። ነገሩ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ይሁን እንጂ ደመወዙን ተቀብሎ የወሩን ወጪ በወረቀት ላይ የሚያከፋፍል የመንግሥት ሠራተኛ ትንሽ አለመሆኑን ጠንቅቆ ያውቃል። ይህ አከፋፈል ባለፉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ከባንክ መስኮት ተነሥቶ ወደ እጅ ስልካችን ገብቷል። በዚህ ለውጥ ያገኘነው ጥቅም ምን እንደሆነ፣ ከጥቅሙም ጋራ ተያይዞ እንዳይጠፋብን ልንጠብቀው የሚገባን ነገር ምን እንደሆነ፣ በተሰጠኝ አጭር ጊዜ ለመናገር አስቤአለሁ።

ምሳሌ የሚሆነኝን ስፍራ ከምዕራብ አዲስ አበባ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ልውሰድ። ይህ ክፍለ ከተማ አጠና ተራን፣ አየር ጤናን፣ ቤተልንና ዓለም ባንክን የመሳሰሉ ሰፋፊ የመኖሪያ ሰፈሮች የሚገኙበት ነው። ከነዋሪው ብዙው ማለዳ ተነሥቶ በአውቶቡስና በታክሲ፣ አንዳንዱም እስከ ጦር ኃይሎች ሄዶ በባቡር ወደ መሐል ከተማ ለሥራ ይወርዳል፤ ሲመሽም ይመለሳል። የሰፈሮቹ ስም ራሱ የየራሱን ታሪክ ይናገራል። አጠና ተራ የተባለው የባሕር ዛፍ አጠና ስለሚሸጥበት ነው፤ ዓለም ባንክ የተባለውም ከዓለም ባንክ በተገኘ ገንዘብ የቤት ሥራ ስለተካሄደበት ነው። ነገር ግን ስሙ ባንክ በሆነ ሰፈር የሚኖር ሰው እንኳ የመብራት ሒሳቡን ለመክፈል እንደ ሌላው ሁሉ ወረፋ ይዞ መቆሙ አልቀረለትም ነበር።

የቀድሞውን አከፋፈል እናስታውስ። ቆጣሪ አንባቢው በየቤቱ እየዞረ ቁጥሩን ይመዘግባል፤ መሥሪያ ቤቱ ሒሳቡን ያወጣል፤ ደንበኛውም ገንዘቡን ይዞ ወደ መክፈያው ጣቢያ ይሄዳል። ሕዝቡ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» እያለ ለሚጠራው መሥሪያ ቤት በአንድ ቦታ፣ ለውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በሌላ ቦታ፣ ለቴሌ ደግሞ በሦስተኛ ቦታ ይከፈል ነበር። በ2005 ዓ.ም. «ለሁሉ» የተባሉት የመክፈያ ማዕከሎች ሥራ ሲጀምሩ ሦስቱ ሒሳቦች በአንድ ጣራ ሥር እንዲከፈሉ ሆነ፤ ይህም በጊዜው ትልቅ ዕረፍት ነበረ። በኋላም የመብራቱ ክፍያ ወደ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ተዛወረ። መክፈያው ቦታ ይለዋወጥ እንጂ ሰው ራሱ ሄዶ፣ ተራ ይዞ፣ ገንዘብ ቆጥሮ መክፈሉ ግን አልተለወጠም ነበር።

ይህ ወረፋ ምን ያህል ዋጋ ያስከፍል እንደነበረ ለመገመት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አንድ ሰው ለሦስት ሒሳቦች በየወሩ ሦስት ሰዓት ብቻ አጠፋ እንበል። በዓመት 36 ሰዓት ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ መደበኛ የሥራ ጊዜ በሳምንት 39 ሰዓት መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ሰው በየዓመቱ አንድ ሳምንት የሚያህል የሥራ ጊዜ ቆሞ አሳልፏል ማለት ነው። የሚያስገርመው ደግሞ መክፈያው የሚከፈተው ከፋዩ ራሱ በሥራ ላይ መገኘት በሚገባው ሰዓት መሆኑ ነው። ከቤተል ተነሥቶ አራት ኪሎ የሚሠራ ጸሐፊ የመብራት ሒሳብ ለመክፈል የግማሽ ቀን ፈቃድ ሲጠይቅ፣ የእርሱን ፊርማ ፈልጎ ከሩቅ የመጣው ባለጉዳይ ደግሞ በእርሱ ቢሮ ደጃፍ ሌላ ወረፋ ይዞ ይቆማል። እንግዲህ አንዱ ወረፋ ሌላውን ወረፋ ይወልድ ነበር።

አሁን ወደ አዲሱ ሥርዓት ልለፍ። በጎረቤታችን በኬንያ ኤም-ፔሳ የተባለው የስልክ ገንዘብ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ የባንክ ደብተር የሌለው ሰው እንኳ ገንዘብን በስልክ መላክና መቀበል እንደሚችል ዓለም ተረዳ። በአገራችንም የብሔራዊ ክፍያ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 718 በ2003 ዓ.ም. ወጥቶ ለኤሌክትሮኒክ ክፍያ ሕጋዊ መሠረት ጣለ። በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ «ሲቢኢ ብር»ን አስፋፋ፤ ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም «ቴሌብር»ን ሥራ አስጀመረ፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ በኢትዮጵያ አገልግሎቱን ከፈተ። ከሚያዝያ 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮም በአዲስ አበባ ነዳጅ የሚገዛው በኤሌክትሮኒክ ክፍያ እንዲሆን በመደረጉ፣ ባለ መኪናና ባለ ታክሲ ሁሉ ወደደም ጠላም ይህን አከፋፈል ተማረ። ኢትዮ ቴሌኮም የቴሌብር ደንበኞች ቁጥር በ2017 ዓ.ም. የበጀት ዓመት መጨረሻ ከ50 ሚሊዮን በላይ መድረሱን አስታውቋል።

የአሠራሩ ሥርዓትም ቀላል ነው። ከፋዩ በስልኩ ላይ የሚከፍልበትን መሥሪያ ቤት ይመርጣል፤ በሒሳብ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የደንበኝነት ቁጥር ያስገባል፤ በዚያን ጊዜ የደንበኛው ስምና ያለበት ዕዳ ይታየዋል፤ ትክክል መሆኑን አረጋግጦ የምስጢር ቁጥሩን ሲጽፍ ገንዘቡ ከእርሱ ሒሳብ ተቀንሶ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ይገባል። ወዲያውም የክፍያውን ቁጥር የያዘ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይደርሰዋል። በይነመረብ የሌለው ተራ ስልክ ያለው ሰውም ቢሆን ኮከብ 127 መሰላል ብሎ በመደወል ቴሌብርን ሊጠቀም ይችላል። ቀድሞ ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው ሥራ አሁን ቡና እስኪፈላ ድረስ እንኳ አይቆይም። ይህን ጥቅም የሚክድ ሰው የራሱን ጊዜ የማይወድ ሰው ብቻ ነው።

ሆኖም አዲስ ነገርን መጠራጠር ያለ የነበረ ነው። በ1898 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአቢሲንያ ባንክ በአዲስ አበባ ሲከፈት፣ ብሩን በጁ መዝኖ፣ ድምፁን አስጩሆ መቀበል የለመደው ነጋዴ ማርትሬዛውን ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ወረቀት ይዞ መመለሱን በቀላሉ አልተቀበለውም። የወረቀት ገንዘብ ሲወጣም እንዲሁ ነበር። ያ ጥርጣሬ ከድንቁርና ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ሲያስረክብ የሚይዘውን ዋስ መፈለጉ ተገቢ ነውና። ባንኩ አመኔታን ያገኘው ያስቀመጠውን ገንዘብ ለጠየቀው ሁሉ በጊዜው በመመለሱ፣ በሒሳቡም በመታመኑ ነው። «የማይተማመን ባልንጀራ ወንዝ ለወንዝ ይማማላል» እንደሚባለው፣ መተማመን የሌለበት የገንዘብ ሥራ እርምጃው ሁሉ መሐላ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ሐሳቤ ደረስሁ። ያ የቀድሞው መስኮት ገንዘብ ከመቀበል በቀር ሌላም ሥራ ነበረው፤ ምስክር ነበረ። ገንዘብ ተቀባዩ ገንዘቡን በከፋዩ ፊት ይቆጥራል፤ መልሱን በእጁ ይሰጠዋል፤ ማኅተም ያረፈበትን ደረሰኝ ያስረክበዋል። ክርክር ቢነሣ ሰውየው ደረሰኙን ይዞ ወደዚያው መስኮት ይመለሳል፤ ያነጋገረውንም ሰው በፊቱ ያገኘዋል። ወረፋው ሲቀር ይህ ሁሉ ምስክርነት አብሮ እንዳይቀር ያስፈልጋል። አለዚያ ጊዜ አትርፈን መተማመንን እንከስራለን።

ለዚህ ሁለት ምሳሌ ልስጥ። የመጀመሪያው የጋራ ግቢ ነገር ነው። በኮልፌና በአካባቢው እንደ ብዙው የከተማችን ሰፈር ሁሉ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀሙ ሦስትም አራትም ቤተሰቦች የሚኖሩባቸው ግቢዎች አሉ። ቆጣሪው በቤቱ ባለቤት ስም፣ አንዳንድ ጊዜም ካረፉ ብዙ ዘመን በሆናቸው አባት ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ቀድሞ የሒሳቡ ወረቀት ሲመጣ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር፤ ሁሉም ቁጥሩን ያያል፤ ከዚያም በአምፖሉና በምድጃው ልክ ድርሻውን ያዋጣል። ዛሬ ግን ዕዳው የሚታየው ስልኩን በያዘው በአንዱ ሰው ዘንድ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በቃሉ ይከፍላሉ። ሰውየው እጅግ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ወር ሒሳቡ ከወትሮው ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ ማስረጃ ያልታየበት ቃል የጎረቤትን ፍቅር ያቀዘቅዛል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው፤ የክፍያውን መልእክት ለሁሉም ማስተላለፍ፣ ወይም በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን፣ የገንዘቡን ልክና የክፍያውን ቁጥር ጽፎ ሁሉም እንዲያየው ማድረግ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ነገር ነው። አጠና ተራ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት እናት እንዳሉ እናስብ። እኚህ እናት ፊደል ባይቆጥሩም በየወሩ ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው፣ የሒሳቡን ወረቀት በጃቸው ይዘው ወደ መክፈያው ይሄዱ ነበር። ስማቸው ሲጠራ «አቤት» ብለው፣ ገንዘባቸውን ራሳቸው ከፍለው፣ ደረሰኛቸውን ከቀድሞዎቹ ደረሰኞች ጋራ በአንድ ክር ላይ ይሰኩት ነበር። በቤታቸው ሒሳብ ላይ አዛዥ እርሳቸው ነበሩ። ዛሬ ግን ስልካቸውን ለጎረቤት ልጅ ይሰጡታል፤ የምስጢር ቁጥራቸውንም ጮክ ብለው ይነግሩታል። ልጁ መልካም ልጅ ነው እንበል፤ አንድ ሳንቲም አይነካም። ይሁን እንጂ ከዛሬ ጀምሮ እኚህ እናት ምስጢር ቁጥር ሲጠይቋቸው የሚናገሩት ነገር መሆኑን ለምደዋል። ነገ ከማያውቁት ስልክ ደውሎ «ከባንክ ነው የምንደውለው፤ ሽልማት ደርሶዎታል፤ ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚል አታላይ ሲመጣ የሚያግዳቸው ልማድ የለም። የተወሰደባቸው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን በገንዘባቸው ላይ የነበራቸው ሥልጣን ጭምር ይሆናል።

ስለዚህ ለከፋዩ ሁሉ አራት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፦ የምስጢር ቁጥርን ለማንም አለመንገር ነው። ባንክም ሆነ የስልክ ድርጅት የምስጢር ቁጥር አይጠይቅም፤ የሚጠይቅ ሁሉ ሌባ መሆኑን ቤተሰባችን በሙሉ ይወቀው። ሁለተኛ፦ ከመክፈል አስቀድሞ በስልኩ ላይ የሚታየውን ስምና የገንዘብ ልክ ማንበብ ነው፤ አንድ አኃዝ የተሳሳተ እንደ ሆነ የሌላውን ሰው ዕዳ ከፍለን የራሳችን መብራት ሊቆረጥ ይችላል። ሦስተኛ፦ አውታሩ ተቋርጦ መልስ የዘገየ እንደ ሆነ፣ ገንዘቡ ከሒሳባችን መቀነስ አለመቀነሱን ሳናይ ደግመን አለመክፈል ነው። አራተኛ፦ የክፍያውን መልእክት አለመደምሰስ ነው። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 በ2012 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ በኤሌክትሮኒክ መልክ የተጻፈ መልእክት ወረቀት ባለመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አያጣም። ስለዚህ በስልካችን ያለው አጭር መልእክት የዛሬው ደረሰኛችን ነው፤ ደረሰኝ እንደሚቀመጥም ይቀመጥ። ስልክ ይጠፋልና ቁጥሩን በደብተር መጻፍም አይከፋም።

ለልጆችና ለዘመዶችም አንድ ቃል አለኝ። ለእናታችን ስንከፍል ስልካቸውን ነጥቀን በፍጥነት ጨርሰን መመለስን እንደ ውለታ አንቁጠረው። አጠገባቸው ተቀምጠን፣ የሚታየውን ጮክ ብለን እናንብብላቸው፤ የምስጢር ቁጥሩን ግን እርሳቸው በገዛ ጣታቸው ይጫኑት፤ እኛም በዚያን ጊዜ ፊታችንን እንመልስ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው አኃዝ አያውቅም ማለት አይደለም፤ የብር ኖትን ለይቶ የሚያውቅ፣ በገበያ ሒሳብ የማይሳሳት ሰው አራት ወይም ስድስት አኃዝ መያዝ አያቅተውም። ሦስትና አራት ወር እንዲህ ብናደርግ በአምስተኛው ወር እርሳቸው እኛን ሊያስተምሩን ይችላሉ።

አሁን ደግሞ ንግግሬን ወደ እኛ ወደ መሥሪያ ቤት ሰዎች ልመልስ። በየቢሮው «ሲስተም የለም» የምትባል አንዲት አጭር መልስ ተለምዳለች። መሣሪያ ሊበላሽ፣ አውታር ሊቋረጥ ይችላል፤ ይህን የማይረዳ ባለጉዳይ የለም። ነገር ግን «ሲስተም የለም» ብሎ ፊትን መመለስ መልስ አይሆንም። መቼ እንደሚመለስ መናገር፣ ችግሩ በእርሱ ጥፋት እንዳልሆነ የሚያስረዳ ማስታወሻ መስጠት፣ በዚያ ምክንያት የክፍያ ቀን ያለፈበትን ሰው ከመብራት መቆረጥ መጠበቅ፣ ይህ የሠራተኛው ግዴታ ነው። ከዚህም በላይ የመክፈያው መስኮት ሁሉ ቢዘጋ እንኳ አንዱ ክፍት ሆኖ ይቆይ። የዚያ መስኮት ሥራ ገንዘብ መቀበል ብቻ አይሁን፤ ክፍያው ያልተመዘገበለትን ሰው ጉዳይ መርምሮ የሚፈታ፣ ያልለመደውንም የሚያስተምር ይሁን። ወረፋው ሲቀንስ ሥራ የሚቀንስባቸው ገንዘብ ተቀባዮች ለዚህ ተግባር ከማንም ይልቅ የተዘጋጁ ናቸው፤ ዘመናቸውን ሙሉ ከሕዝብ ጋራ ፊት ለፊት ሲሠሩ ኖረዋልና።

በመጨረሻም የምጨምረው አንድ የምናስታውሰው ነገር ነው። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ላይ በተፈጠረ ችግር ብዙ ሰዎች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ አወጡ፤ የባንኩም አገልግሎት ለሰዓታት ተቋረጠ። ባንኩ ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ ባደረገ ጊዜ ብዙዎቹ መለሱ፤ ያልመለሱም ነበሩ። በዚያች ሌሊት ማንም ገንዘብ ተቀባይ በመስኮት አልተቀመጠም፤ ማንም ዘበኛ አልቆመም። እያንዳንዱ ሰው ከገዛ ኅሊናው ጋራ ብቻውን ነበረ። መሣሪያ ፈጣን ነው፤ ትክክሉንም ስሕተቱንም በእኩል ፍጥነት ይሠራዋል። ይህ የእኔ ነው፣ ይህ የእኔ አይደለም ብሎ የሚለየው ግን ሰው ነው።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮች፤ አባቶቻችን ገንዘብ የሚያስቀምጡት ባንክ ሳይኖር በፊት አደራ የሚባል ሥርዓት ነበራቸው። ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ያለውን ሁሉ ለጎረቤቱ አስረክቦ ይሄድ ነበር፤ ማኅተሙም የተቀባዩ ስም ነበር። አደራ የበላ ሰው ከሰው ተራ ይወጣ ነበር። ዛሬ ገንዘባችን በማይታይ መንገድ ይመላለሳል፤ ማኅተሙም አኃዝ ሆኗል። ስለሆነም ከኮልፌ እስከ ቤተል፣ ከአየር ጤና እስከ ዓለም ባንክ፣ በሌላውም የከተማችን ክፍል ያለነው ሁሉ ያተረፍነውን ጊዜ በደስታ እንጠቀምበት፤ ስልክ የያዘው ላልያዘው፣ ያነበበው ላላነበበው፣ ሠራተኛውም ለባለጉዳዩ ታማኝ ይሁን። ያን ጊዜ የወረፋው መቅረት ለሁላችንም እኩል ዕረፍት ይሆናል።